ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ፦ በሳሙና የሚጀምር፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ጉዳይ

"ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" የሚለው ያገር ቤት አባባል ለልብስና ለሸንጎ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለሰው ቆዳም ይሠራል። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሳሉ በአንድ ሳሙና ልብስም ገላም ሲያጥቡ ኖረው ቆዳቸው አንድ ቀን እንኳ ያላስቸገራቸው ሰዎች አሉ። እነዚሁ ሰዎች ግሪንቤልት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድርያ በገቡ በመጀመሪያው የብርድ ወራት ቅልጥማቸው አመድ ሲመስል፣ ክንዳቸውን ሲያሳክካቸው፣ የእጃቸው ጀርባ ሲሰነጣጠቅ ግራ ይጋባሉ። አንዱ "ውሃው ነው" ይላል፤ ሌላዋ "አየሩ አልተስማማኝም" ትላለች፤ ምግቡን የሚያማም አይጠፋም።

ማሳከክ አልጋ ላይ ስለማይጥል ብዙ ሰው እንደ በሽታ አይቆጥረውም። ሐኪም ቤት መሄድ ከሥራ መቅረትን ያስከትላል፤ የኢንሹራንሱም ነገር አለ፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከሳምንት ሳምንት ይገፋል። ሆኖም የተቆጣ ቆዳ ይታከካል፤ የታከከ ቆዳ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱን ለማጥፋት ደግሞ ምን እንደያዘ በውል የማይታወቅ ቅባት ከሱቅ ይገዛል። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ የተባለውን መርዝ የያዙ ናቸው። በሳሙና የተጀመረ ጣጣ ኩላሊት ዘንድ ሊደርስ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ሰንሰለቱን ከመጀመሪያው ቀለበት ላይ መበጠስ ግን ብዙ ገንዘብም ሆነ ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም።

ካቡና ጭቃው

የቆዳ የላይኛው ሽፋን በድንጋይ እንደተካበ ግንብ ነው። ድንጋዮቹ የሞቱ፣ ጠፍጣፋ ሴሎች ሲሆኑ በመካከላቸው ያለው ጭቃ ደግሞ ቅባት ነው። ጭቃው ደህና ከሆነ ከውስጥ ያለው እርጥበት አይወጣም፤ ከውጭ ያለው ኬሚካልና ጀርምም እንደ ልቡ አይገባም። ጭቃው ታጥቦ ሲያልቅ ግንቡ ቀዳዳ ያወጣል። ያን ጊዜ ትናንት ምንም ያላደረገ ሽቶ ዛሬ ያቃጥላል፤ ለዓመታት የተለበሰ የሱፍ ሹራብ ይኮሰኩሳል። ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ የሚባለው በአመዛኙ ግንቡ የላላ ቆዳ ነው።

ጭቃውን የሚያጥበው ምንድን ነው? አንደኛው የፈላ ሻወር ነው። ከብርድ የገባ ሰው ግማሽ ሰዓት ሙቅ ውሃ ሥር ቢቆም ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን የድስት ቅባት በሙቅ ውሃ እንደሚለቅ ሁሉ የቆዳም ቅባት ይለቃል። ሁለተኛው ሳሙና ነው። ጤነኛ ቆዳ በተፈጥሮው በትንሹ አሲድነት አለው፤ በኬሚስቶች መለኪያ ፒኤች 5 አካባቢ ነው። ተራው የገላ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ሦስተኛው መፈግፈግ ነው። በሉፋ ካልተፈተገ ገላው የታጠበ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ደረቅና የተቆጣ ቆዳን መፈግፈግ ግን የላላውን ካብ በገዛ እጅ መናድ ነው።

አረንጓዴዋ ከተማና አየሯ

ግሪንቤልት የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ያሠራትና በ1937 የመጀመሪያ ነዋሪዎቿን የተቀበለች ከተማ ናት (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። "አረንጓዴ መቀነት" የሚለው ስሟ ዙሪያዋን እንዲከባት ከታሰበው ደን የመጣ ነው። ዛፉ ዛሬም አለ፤ በጋው ወበቅ፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት የሚሰብር ነው።

የብርዱ ወራት ጠንቅ ከውጭ ካለው ቅዝቃዜ ይልቅ ቤት ውስጥ ካለው ማሞቂያ ላይ ይበረታል። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው እርጥበት ትንሽ ነው፤ ያው አየር አፓርትመንት ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ እንደ ደረቀ ጨርቅ ከቆዳ፣ ከከንፈርና ከአፍንጫ እርጥበት ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ማሞቂያውን አስነስቶ የሚተኛ ሰው ጠዋት ቆዳው ተጨማዶ የሚነሣው ለዚህ ነው። ማሞቂያውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ ከተቻለም ሂውሚዲፋየር የሚባለውን የእንፋሎት ማሽን በየጊዜው እያጠቡ መኝታ ቤት ማስቀመጥ ይረዳል።

በጋ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ። ቤተሰብ ሰብስበው ወደ ግሪንቤልት ፓርክ ወይም ወደ ሌላ ጫካ የሚሄዱ ወገኖች አገር ቤት ያላዩት አንድ ሐረግ እዚህ ይገጥማቸዋል፤ ስሙ ፖይዝን አይቪ ይባላል። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፤ የመካከለኛው ቅጠል አንገት ከሁለቱ ይረዝማል። መሬት ላይ ይሳባል፣ ዛፍ ላይም ይወጣል። ውስጡ ያለው ዩሩሺዮል የተባለ ዘይት ቆዳ ሲነካ ብዙ ጊዜ ወዲያው ምንም አይሰማም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ግን የሚያሳክክ፣ ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ ይወጣል። ነካሁት ብሎ የጠረጠረ ሰው ሳይውል ሳያድር በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ ዘይቱ ልብስና ጫማ ላይ ስለሚቀር እነሱንም ያጥብ። ሐረጉን ማቃጠል ፈጽሞ አይገባም፤ ጢሱ ሳንባን ይጎዳል። ማንጎም የዚሁ ተክል ዘመድ ነው። የማንጎ ልጣጭ ከንፈሩን የሚያሳክከው ሰው ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

እጅ የሚበላው ሥራ

በዋሽንግተን አካባቢ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት ውሃና ኬሚካል በሚነካ ሥራ ነው። የሆቴል ክፍል የምታጸዳ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት በቀን ብዙ ጊዜ እጇን የምትታጠብ፣ ሬስቶራንት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የምትከትፍና ሰሐን የምታጥብ፣ ጸጉር ቤት ውስጥ ቀለምና ሻምፑ ሲነካ የሚውል፤ የእነዚህ ሁሉ እጅ ከሌላው ሰው ይልቅ ለችፌ የተጋለጠ ነው። ችፌ ሐኪሞች ኤክዜማ የሚሉት ነው። የእጅ ችፌ በዓለም ዙሪያ ከሥራ ጋር ከተያያዙት የቆዳ በሽታዎች ዋነኛው ነው። በስንጥቁ ጀርም ይገባል፤ ሲብስም ሰውን ከሥራው ያፈናቅላል።

መከላከያው ጓንት ነው፤ ጓንቱ ራሱ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። በውስጡ ላብ ያጠራቀመ ጓንት ከውሃው አይሻልም። ከላስቲኩ ሥር ስስ የጥጥ ጓንት ማድረግ፣ እርጥብ ሲሆንም መለወጥ ያስፈልጋል። ላቴክስ የሚባለው ጓንት የማይስማማቸው ሰዎች ስላሉ ናይትራይል ወይም ቪናይል የተባለውን መጠየቅ ይቻላል። ጓንቱ ከመደረጉ በፊት ቀለበት ይወልቅ፤ ከቀለበቱ ሥር የተጠራቀመ ሳሙና ቆዳውን ይበላዋል። ከታጠቡ በኋላ ሁሉ እጅን ቅባት ማስነካት ነው። አንዲት ትንሽ ቱቦ በዩኒፎርም ኪስ መያዝ ከማንኛውም መድኃኒት ትቀድማለች።

ዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ

የመድኃኒትና የኮስሜቲክስ ጉዳይ የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ በአጭሩ ኤፍ.ዲ.ኤ. የሚባለው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኋይት ኦክ ነው። ብዙ ሰው ገበያ ላይ ያለ ሎሽን ሁሉ በዚህ መሥሪያ ቤት ተመርምሮ የጸደቀ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከማቅለሚያ ቀለሞች በስተቀር ኮስሜቲክስ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ አይጠይቅም።

"ሃይፖአለርጀኒክ" የሚለውን ቃል እንውሰድ። ትርጉሙ ለአለርጂ እምብዛም አይዳርግም ማለት ነው። ኤፍ.ዲ.ኤ. በ1975 ይህን ቃል የሚጽፍ ኩባንያ በሰው ላይ በተደረገ ሙከራ ያረጋግጥ የሚል ደንብ አወጣ። አልሜይና ክሊኒክ የተባሉት ኩባንያዎች ተቃውመው ተከራከሩ፤ በዲሴምበር 1977 የዋሽንግተን ዲሲ የይግባኝ ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ አንድ ወጥ የፌዴራል ትርጉም የለውም፤ ኩባንያው የፈለገውን ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። "ለስስ ቆዳ"፣ "ናቹራል"፣ "በቆዳ ሐኪም የተፈተነ" የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይለዩም።

የሚጠቅመው ከጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ዝርዝር ነው። እዚያ ውስጥ "ፍራግራንስ" ወይም "ፓርፈም" የሚል አንድ ቃል ካለ፣ ከኋላው በርካታ የሽቶ ቅመሞች ተደብቀው ሊሆኑ ይችላሉ። ሽቶ ቆዳን ለአለርጂ ከሚዳርጉት ነገሮች በግንባር ቀደምትነት የሚቆጠር ነው። "ፍራግራንስ ፍሪ" እና "አንሴንትድ" የሚሉት ሁለት ቃላትም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሽቶ አልተጨመረበትም ማለት ነው። ሁለተኛው የሌላውን ቅመም ጠረን የሚሸፍን ሽቶ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ቆዳው የሚቆጣበት ሰው የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው። ከሽቶ ሌላ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለው እንዳይበላሽ ማድረጊያም ተጠንቅቀው ሊያዩት ይገባል። ይህን ቅመም የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር የ2013 "የዓመቱ አለርጂ አምጪ" ብሎ ሰይሞታል። በዲሴምበር 2022 የወጣው አዲሱ የኮስሜቲክስ ሕግ አለርጂ የሚያመጡ የሽቶ ቅመሞች በስማቸው እንዲጻፉ ደንብ እንዲወጣ ያዛል።

ያገር ቤት መድኃኒት ሁሉ ለስላሳ ነው?

ቅቤ ጸጉርና ገላን ማለስለሱ፣ ሬትም ቀዝቃዛ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከተክል ስለተገኘ ብቻ ቆዳን አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው። እንዶድን ማየት ይበቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ የሚገድል መድኃኒት ያገኙት። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ሽልማት ተቀብለውበታል። ልብስ የሚያነጣውና ቀንድ አውጣ የሚገድለው ያው እንዶድ ዱቄቱ ዓይን ሲገባ ክፉኛ ይለበልባል።

ሎሚ ፊት ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፤ ለሳምንታት የማይለቅ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ነጭ ሽንኩርት ወይም ፌጦ ወቅጦ ቆዳ ላይ አስሮ ማደር ውሃ እስኪቋጥር ሊያቃጥል ይችላል። እንሶስላ የለመደች ሴት እዚህ "ጥቁር ሂና" የሚባለውን ስታገኝ አንድ ይመስላታል። ሂና በተፈጥሮው ወደ ቀይ ቡኒ ያደላል እንጂ ቁልጭ ያለ ጥቁር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያጠቁረው ፒ.ፒ.ዲ. የተባለው የጸጉር ቀለም ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል በአንዳንድ ሰው ላይ ከባድ ቁስል ያስከትላል፤ አንድ ጊዜ አለርጂው ከያዘ ደግሞ ዕድሜ ልክ አይለቅም። ሽበት የሚቀቡ አባቶችና እናቶችም ቀለሙን ከመቀባታቸው ከ48 ሰዓት በፊት ትንሽ ቦታ ላይ መሞከር አለባቸው። ሐሰተኛ ብር የሆነ የአንገት መስቀልም ውስጡ ኒኬል ካለ ደረትን ያሳክካል፤ ማተቡ ክር ከሆነና መስቀሉ ከተቀየረ ነገሩ ይቆማል።

ቀይ የማይሆን መቆጣት

በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የተቆጣ ቆዳ ምልክቱ "መቅላት" ነው ተብሎ ለብዙ ዘመን ተጽፏል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቆጣቱ ወይን ጠጅ፣ ቡኒ ወይም አመድማ ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዴም ከመታየት ይልቅ በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ይህን ያልለመደ ሐኪም "ምንም የለም" ብሎ ሊመልስ ይችላል። በዚህ ረገድ ዋሽንግተን ዕድለኛ ከተማ ናት። በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሕክምና ክፍልን የመሠረቱት ዶክተር ጆን ኬኒ የጥቁር ሰው ቆዳ ራሱን የቻለ ጥናት እንዲሆን ያደረጉ ሰው ናቸው። በዶክተር ረባት ሃልደር የተመራውና በ1983 የታተመው የዚሁ ከተማ ጥናትም ጥቁር ሕሙማንን ወደ ቆዳ ሐኪም ከሚያመጡት መካከል ብጉር፣ ችፌና የቆዳ ቀለም መለወጥ ዋነኞቹ መሆናቸውን አሳይቷል።

ኢትዮጵያ ውስጥም ጥናት አልጠፋም። በጅማ ተካሂዶ በ2004 የታተመ ጥናት ችፌ ከገጠር ይልቅ በከተማ እንደሚበዛ አሳይቷል። በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ፊላግሪን የተባለውንና በአውሮፓውያን ዘንድ ለችፌ ዋነኛ የዘር ምክንያት የሆነውን ጉድለት በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ ፈልጎ የታወቁትን ዓይነቶች ሳያገኝ ቀርቷል። አንድ ስም ያለው በሽታ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ ከአንድ ሥር አይበቅልም ማለት ነው።

የሚያነጣው ቅባት

ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሽፍታው ሲድን የቀረው ጥቁር ነጠብጣብ፣ ወይም ከእርግዝና ጋር የመጣው ማድያት፣ ሴቶችን ከማሳከኩ ይልቅ ያስጨንቃል። "ያጠራል" የተባለ ቅባት ከሻንጣ ይወጣል፣ ከትንንሽ ሱቆችም ይገዛል። በውስጡ ሦስት ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ።

አንደኛው ሃይድሮኪኖን ነው። በሐኪም ትእዛዝና ቁጥጥር ይጠቅማል፤ ለረጅም ጊዜ ያለ ሐኪም ሲቀቡት ግን ቆዳውን ወደ ሰማያዊ ጥቁር ሊለውጠው ይችላል፤ ያን መመለስ አስቸጋሪ ነው። ከ2020 ወዲህ በአሜሪካ ያለ ሐኪም ወረቀት መሸጥ አልተፈቀደም። በ2022 ኤፍ.ዲ.ኤ. ለ12 ኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል።

ሁለተኛው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተአምር ይመስላል፤ ማሳከኩ ይቆማል፣ ፊት ይጠራል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወጣል፤ ቅባቱ ሲቆም ደግሞ ፊት እንደ እሳት ይነድዳል። ያልታደለችው ያን ጊዜ "ሲቋረጥ ነው የሚያመኝ" ብላ ትመለስበታለች።

ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ለእርጉዝና ለሕፃን የከፋ ነው። በ2010 በካሊፎርኒያና እዚሁ ጎረቤት በቨርጂኒያ በተደረገ ምርመራ ቅባቱን ተቀብተው በማያውቁ የቤተሰብ አባላት፣ ሕፃናትን ጨምሮ፣ ሰውነት ውስጥ ሳይቀር ሜርኩሪ ተገኝቷል። በፎጣ፣ በትራስ፣ በእቅፍ ይተላለፋልና። ዕቃው ላይ "ካሎሜል"፣ "ሜርኩሪክ" ወይም "ሜርኩሪዮ" የሚል ካለ፣ ወይም የቅመሞቹ ዝርዝር ጭራሹን ከሌለ፣ አለመንካት ነው። ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረበት ኮስሜቲክስ ከ2025 በኋላ እንዳይመረትና እንዳይነገድ ወስኗል፤ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ቱቦ የሚመረምር ግን ባለቤቱ ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ቅባት የተቀባ ሰው መጠቀሙን አቁሞ ሐኪም የሽንት ምርመራ እንዲያዝለት ይጠይቅ። ዕቃውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ ማቆየት እንጂ ሲንክ ውስጥ መድፋት ወይም ከቆሻሻ ጋር መጣል አይገባም። በ1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከል ቀንና ሌሊት በነጻ ይመልሳል።

ምን ይደረግ?

1. ሻወር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለብ ባለ ውሃ። ሳሙናው ሽቶ የሌለው ይሁን፤ በብብት፣ በብልት አካባቢና በእግር ላይ ከዋለ በቂ ነው።

2. በፎጣ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ፤ ቆዳው ገና ወዛም እንዳለ ወዲያው ቅባት መቀባት። ወፍራም ክሬም ከቀጭን ሎሽን ይሻላል። በ1872 የባለቤትነት መብት የተሰጠው ተራው ቫዝሊን በብር ከሚገዙት ሁሉ ርካሽና ለስላሳ ከሆኑት አንዱ ነው። ፊቱ ብጉር የሚወጣበት ሰው ግን ቀለል ያለውን ይምረጥ።

3. አዲስ ነገር ሲገዛ አንድ በአንድ። በክንድ ውስጠኛ ክፍል በቀን ሁለቴ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ሞክሮ ምንም ካላደረገ መቀጠል።

4. የልብስ ሳሙናው ሽቶ የሌለው ይሁን፤ መጠኑም ይቀነስ። ማድረቂያ ውስጥ የሚጨመረው ሽታ ያለው ወረቀት ይቅር።

5. ጥቁር ምልክት እንዳይብስ የፀሐይ መከላከያ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለው ለተቆጣ ቆዳ ይስማማል፤ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ደግሞ ለማድያት ይመረጣል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

6. ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሸጠው 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ከአንድ ሳምንት በላይ ያለ ሐኪም አይቀባ።

ሽፍታው መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካለው፣ ዓይን አካባቢ ከሆነ፣ እንቅልፍ ከነሣ ወይም በሁለት ሳምንት ካልተሻለ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ፊት ወይም ምላስ ካበጠና መተንፈስ ካቃተ 911 መደወል ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በአካባቢው እንደ ሜሪስ ሴንተር ያሉ፣ ክፍያን ከገቢ ጋር የሚያመዛዝኑ ጤና ጣቢያዎችን ይጠይቅ። እንግሊዝኛ ያልጠናለት ደግሞ "አማርኛ አስተርጓሚ" ለማለት አይፈር። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የቋንቋ እርዳታ መስጠት አለበት። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይመከርም፤ እናት በልጇ ፊት የምታፍረውን ነገር ትተዋለች።

ሲሄዱም የሚቀቡትን ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውንና የሚያሳፍረውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዞ መሄድ ነው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" ይባላልና፣ ሐኪሙ ያላየውን ቱቦ ሊያስቆም አይችልም። ያን ፌስታል ለማዘጋጀት የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።